ጭስ ማውጫው ለቀላበት የኮምቦልቻው ድስት ሠሪ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ኮምቦልቻ ውስጥ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት ያወጣል። ምድጃው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሠራል፤ አየር የሚነፋለት ብሎወር አለው፤ በቀን 60 ሊትር ገደማ ይበላል። የሚወጣውን ጭስ በቴርሞኮፕል (በከፍተኛ ሙቀት መለኪያ) ለክቶ 900 ዲግሪ አግኝቷል። «ጋሼ፣ ሲመሽ ጭስ ማውጫው ቀልቶ ይታያል። አንድ ሰው የብሎወሩን አየር በጭስ ማውጫው ዙሪያ አሙቀህ ብታስገባው ዘይቱ በግማሽ ይቀንስልሃል አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ በምን ላሜራ ልሥራው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ትክክል ነው። ግማሹ ግን ተጋኗል። አንተ በምትሠራበት ልክ፣ እዚሁ በያጅ በሚሠራው ዕቃ፣ ከስድስት ሊትር አንዱን ብታተርፍ ጎሽ የሚያሰኝ ነው። የግማሹ ወሬ የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው። በትልልቅ የብረት ፋብሪካዎች ሁለት በርነር (ነዳጅና አየር ቀላቅሎ የሚያነድ አፍ) ተራ በተራ የሚነድበት አሠራር አለ። አንዱ ሲነድ በሌላው በኩል የሚወጣው ጭስ ሴራሚክ ያግላል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጥና አየሩ በጋለው ሴራሚክ ውስጥ ያልፋል። አየሩ ወደ ምድጃው ሙቀት ተጠግቶ ይገባል። ለአንድ የድስት ምድጃ ያንን ማሰብ አንድ በግ ገበያ ለማድረስ ሲኖትራክ እንደመከራየት ነው።

ነገሩ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1828 እ.ኤ.አ. ጄምስ ቦሞንት ኒልሰን የሚባል የግላስጎው ሰው፣ ወደ ብረት ማቅለጫ የሚነፋውን አየር አስቀድሞ ማሞቅን በፓተንት አስመዘገበ። የዘመኑ አቅላጮች አላመኑትም። ምድጃቸው በብርዱ ወራት የተሻለ ስለሚሠራላቸው፣ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል ብለው ነበር የሚያስቡት። እሱ አየሩን ሲያሞቀው ግን ለአንድ ቶን ብረት ይሄድ የነበረው 8 ቶን የድንጋይ ከሰል ወደ 5 ቶን ገደማ ወረደ። ያውም የኒልሰን ማሞቂያ የራሱ እሳት ነበረው። ከምድጃው በሚወጣው ጋዝ ማሞቅ ቆይቶ የመጣ ነው።

አሁን ወደ አንተ ምድጃ እንምጣ። አንድ ኪሎ ዘይት ሲነድ 42 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ለመንደድ ደግሞ ከ14 ኪሎ በላይ አየር ይፈልጋል። አዎ፣ አየርም ይመዘናል። ከዚያ ውስጥ 11 ኪሎ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን አይነድም። ቀዝቅዞ ይገባል፣ ባንተ ዘይት ይሞቃል፣ 900 ዲግሪ ሆኖ በጭስ ማውጫው ውልቅ ይላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ሳይመርቅ የሚወጣ እንግዳ ማለት ነው።

ብሎወሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሲነፋ እንግዳው ይበዛል። ስሌቱን ልስጥህ። ትርፍ አየሩ 20 ከመቶ ከሆነና ጭሱ 900 ዲግሪ ላይ ከወጣ፣ ከዘይቱ ሙቀት 44 ከመቶው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ 56ቱ ይቀርልሃል። ትርፍ አየሩ 60 ከመቶ ከሆነ ግን 57ቱ ይሄድና 43 ብቻ ይቀራል። ቴርሞኮፕሉ በሁለቱም 900 ሊል ይችላል፤ ልዩነቱን አይነግርህም። እኔ ከማያቸው ትንንሽ ምድጃዎች ብዙዎቹ 60ውን ያልፋሉ። ምክንያቱም ጭስ ሲታይ ሁሉም ሰው የሚሮጠው አየር ለመጨመር ነው። ለመቀነስ የሚሮጥ አላየሁም።

ከ60 ከመቶ ወደ 20 ብታወርደው፣ ያው ሥራ በ46 ሊትር ያልቃል። በቀን 14 ሊትር። ላሜራ ሳትገዛ፣ በያጅ ሳትጠራ። ከዚያ በኋላ አየሩን 300 ዲግሪ አሙቀህ ብታስገባው 46ቱ ወደ 38 ይወርዳል። በወር 26 ቀን ብትሠራ፣ አየሩን ማስተካከል ሁለት በርሜል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዘይት ያተርፍልሃል፤ ማሞቂያው አንድ በርሜል። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

አየሩን ለማስተካከል ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ሥራ። ማታ ጭሱ አይታይህም። መጀመሪያ ጡቡ በደንብ ይጋል። ከዚያ የብሎወሩን መግቢያ በላሜራ ቀስ እያልክ ዝጋ። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ስስ ጥቁር ጭስ ሲጀምር ቁም። ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ጥቂት መልሰህ ክፈት። ቦታውን በምስማር ጫርበት። ይኼው ነው። በርሜል በቀየርክ ቁጥር ግን ድገመው። ከአይሱዙ የወጣ ዘይትና ከባጃጅ የወጣ ዘይት ውፍረታቸው አይገጥምም፤ ውሃ የተቀላቀለበትም አይጠፋም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። አንዳንዱ ደሴ ላይ የተስተካከለ በርነር ገዝቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ያወርድና «እዚያ እንዲህ አልነበረም» ይላል። ልክ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያው ብሎወር ኮምቦልቻ ሲደርስ በክብደት 6 ከመቶ ገደማ የበለጠ አየር ይነፋል። ከውጭ የመጣ ብሎወር ስትገዛ ደግሞ ተቃራኒውን አስብ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ የዚያን 80 ከመቶ ያህል ነው የሚከብደው፤ ስለዚህ በሜትር ኩብ ሩብ ያህል ጨምረህ ምረጥ።

ክዳኑንም አትርሳ። እናትህ አክንባሎ ሳትደፋ እንጀራ ትጋግራለች? አትጋግርም። የማቅለጫ ድስቱ አፉን ከፍቶ ሲውል ግን ማንም ምንም አይልም። ከሴራሚክ ፋይበርና ከአንግል ብረት የሚሠራ፣ ወደ ጎን የሚገፋ ክዳን ይበቃል።

እሺ፣ አሁን ማሞቂያው። ጭሱና አየሩ ሳይደባለቁ ሙቀት የሚቀባበሉበት ዕቃ ሪኩፐሬተር ይባላል። ለአንተ የሚሆነው ቀላሉ ነው፦ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት ቱቦ። በውስጠኛው ጭስ ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት አየር ያልፋል። በሰዓት 7 ሊትር ተኩል ለሚያነድ ምድጃ፣ ኮምቦልቻ ላይ 115 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይፈለጋል። ለዚያ 200 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ውስጠኛ ቱቦ ይስማማል። ሙቀት የሚያስተላልፈው ገጽ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ክፍተቱ 10 ሚሊሜትር ይበቃል። አየር እንደልቡ ይለፍ ብለህ 50 ሚሊሜትር አታድርገው። አየሩ ሲዝናና ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል፤ ግድግዳውም አይቀዘቅዝም። መግቢያውን በጎን ገባ ብሎ እንዲበየድ አድርግ፣ አየሩ ቱቦውን እየዞረ እንዲወጣ።

ላሜራው ውስጥ ለውስጥ ስቴንለስ 304 ይሁን፣ ከ2 ሚሊሜትር ያላነሰ። ተራ ብረት ከ550 ዲግሪ በላይ ሲውል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ያልቃል። ውጨኛው ተራ ላሜራ ቢሆን ችግር የለውም። ቆርቆሮና ጋልቫናይዝድ ግን ወደዚያ አካባቢ አታስጠጋ። ዚንክ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በእሳት የወጣው ጭሱ ሲተነፈስ ማታ ወባ እንደያዘው ሰው ያንቀጠቅጣል። በያጆች ወተት ጠጣ ይሉሃል። ወተቱ ጥሩ ነው፣ ጭሱን ግን ከሳንባ አያወጣም።

አየሩ ከታች ይግባ ወይስ ከላይ? ብዙው ሰው ከላይ አስገብቶ ከታች ያወጣዋል፤ በርነሩ ታች ስለሆነ ቧንቧው ያጥርለታል። አየሩም ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል። እኔ ግን ከታች አስገባ እልሃለሁ። ጭሱ በጣም የሚያቃጥለው ታች ነው። ቀዝቃዛው አየር እዚያ ሲያገኘው ግድግዳው 500 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ከላይ ብታስገባው ታች የሚደርሰው የሞቀ አየር ስለሆነ ግድግዳው ከ600 ያልፋል። ዕድሜውን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ስለ መብራት ሳነሳ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያዬን ልንገርህ። ደሴ ውስጥ ለአንድ ወርክሾፕ የሠራሁት ነው። ቱቦዎቹን ላይም ታችም ቀለበት አድርጌ ጥርቅም አድርጌ በየድኳቸው። ሲያዩት ያምራል፤ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ የለውም። በሦስተኛው ቀን ማታ ቋ! አለ። ሠራተኛው ጎማ የፈነዳ መስሎት ወደ መንገድ ወጣ። ጠዋት ስናየው የላይኛው ብየዳ የቱቦውን ግማሽ ዙር ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም ይገባል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። 1.5 ሜትር ስቴንለስ 500 ዲግሪ ሲደርስ 12 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ውጨኛው፣ ቀዝቀዝ ያለው ተራ ላሜራ፣ 4 ያህል ብቻ ነው የሚረዝመው። ያን 8 ሚሊሜትር የት ይሂድ? መውጫ ስላልሰጠሁት ራሱ ቀደደ።

ስለዚህ ታች ላይ ብቻ በየድ። ላይ ውስጠኛው ቱቦ እንደልቡ ወደ ላይ ይንሸራተት። መገናኛውን በሴራሚክ ገመድ ጠቅጥቀህ በቀለበት ጫነው። ጥቂት አየር ያፈስሳል፤ ያፍስስ። በመካከል ክፍተቱን የሚጠብቁ ትንንሽ የብረት ቁራጮች ካስፈለጉህ ከውስጠኛው ጋር ብቻ ይበየዱ፣ ውጨኛውን ይደገፉት እንጂ አይያዙት።

ብሎወሩ ሁልጊዜ ከማሞቂያው በፊት ይቀመጥ። የሞቀ አየር የሚስብ ብሎወር ኩሽኔታው ቶሎ ይጮህብሃል። ከማሞቂያው ወደ በርነር የሚወርደውን ቧንቧ ደግሞ በሴራሚክ ፋይበር ጠቅልል። ባዶውን ከተውከው 300 ዲግሪ አየር የያዘ የ80 ሚሊሜትር ቧንቧ በየሜትሩ ያገኘኸውን ሙቀት አንድ አሥረኛ ያህል ለግቢው ይሰጣል። ሁለት ሜትር ቧንቧ ካለህ አስበው። ግቢው ደግሞ ኮምቦልቻ ነው፤ ሙቀት አልጎደለውም።

በርነሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 300 ዲግሪ የደረሰ አየር መጠኑ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። በድሮው ቀዳዳ ልለፍ ሲል ይታነቃል። ውጤቱ ምንድን ነው? በክብደት የሚገባው አየር ያንሳል፣ ምድጃው ማጨስ ይጀምራል፣ ሰውየው «ማሞቂያው አይሠራም» ብሎ ይነቅለዋል። የአየር ቀዳዳውን ማስፋት ያስፈልጋል። ያ የምስማር ጭረትህም አይሠራም፤ ማሞቂያው ከጋለ በኋላ አዲስ ጭረት ትጭራለህ። ዘይቱን የሚበትነው ትንሹ አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ይቅር። እሱን ካሞቅኸው ዘይቱ አፍንጫው ላይ ከሰል ሆኖ ይደርቃል። ፋኑ አብሮት የተገጠመ ዝግ በርነር ካለህ ደግሞ በሞቀ አየር አትሞክረው። ሞተሩም የእሳት ማያው ዓይንም ለዚያ አልተሠሩም።

የነበልባሉን አቅጣጫም እይ። አየሩ ሲሞቅ ነበልባሉ ይበረታል፤ በቀጥታ የማቅለጫ ድስቱን ከመታ አንድ ጎኑን ይበላዋል። በምድጃውና በድስቱ መካከል እየዞረ ይውጣ። አሉሚኒየሙም ከሚገባው በላይ ከጋለ አሩ፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ፣ ይበዛል፤ በዘይት ያተረፍከውን በአር ትጥለዋለህ።

አሁን መብራት። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ብሎወሩ ይቆማል፤ ጡቡ ግን አይቆምም። የውስጠኛው ቱቦ የሚያቀዘቅዘው አየር ቀረበት ማለት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጭሱ ሙቀት ይጠጋል። ሪኩፐሬተር ሲነድ ሳይሆን ሲጠፋ ነው የሚቃጠለው። ስለዚህ በውጨኛው ቱቦ አናት ላይ በእጅ የሚከፈት መክፈቻ አድርግ። መብራት ሲጠፋ ያንንና የብሎወሩን መግቢያ ክፈት። አየሩ ከታች እየገባ፣ እየሞቀ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ክፍተቱ ራሱ ጭስ ማውጫ ይሆናል። ከታች አስገባ ያልኩህ ሁለተኛው ምክንያት ይኼ ነው። የምድጃውን ክዳንም ገፋ አድርገው፣ ሙቀቱ በዚያ ይውጣ።

ከዚህ የባሰ አደጋ ዘይቱ ነው። በርሜሉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ዘይቱ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ፣ መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም። አየር ሳይነፋለት የጋለ ምድጃ ውስጥ ይንቆረቆራል። መብራቱ ሲመለስና ብሎወሩ ሲነሳ የሚሆነውን አልነግርህም፤ ቅንድብህን ታጣለህ፣ ያውም ዕድለኛ ከሆንክ። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ ግጠም። ከእሱ በፊት ደግሞ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ። ማሞቂያውን ባትሠራው እንኳ ይኼን ነገ ሥራው።

ስለ ጥላሸት ጥቂት። የተቃጠለ ዘይት አመድ አለው፤ ከሞተር ዘይቱ ማጠንከሪያ የመጣ ዚንክ፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ። ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ሙቀቱን ይከለክላል። ላይ ተከፍቶ በሽቦ ብሩሽ የሚፈገፈግበት በር ተው። ሲቀልጥ ጨው የምትበትን ከሆነም ቀንስ፤ የጨው ጭስ ስቴንለስን ይበላል። አንድ ቀን የበርነሩ አየር ሳይነካ ማጨስ ከጀመረና የጭሱም ሙቀት በድንገት ከወረደ፣ ውስጠኛው ቱቦ ተቀዶ አየሩ በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው። መጀመሪያ ብየዳውን እይ።

ከማሞቂያው የወጣው ጭስ አሁንም 670 ዲግሪ ገደማ ነው። እሱን ለምን ትለቀዋለህ? ከላይ ሳጥን አድርግና ቁርጥራጩን እዚያ አሙቅ። አንድ ኪሎ አሉሚኒየም ለመቅለጥና ለመፍሰስ 1.1 ሜጋ ጁል ገደማ ይፈልጋል። 300 ዲግሪ ሞቆ ከገባ ብረቱ ራሱ ከሚፈልገው ሙቀት ሩብ ያህሉ በላዩ አለ ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ እኔን ደስ የሚለኝ መድረቁ ነው። እርጥብ ቁርጥራጭ ከቀለጠው ሥር ሲገባ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ይረጨዋል። በክረምት ከውጭ ያደረ ቁርጥራጭ በቀጥታ ሲወረወር አይቻለሁ፤ ጣሪያው ላይ የተለጠፈው አሉሚኒየም እስካሁን አለ። የታሸገ ቆርቆሮና ፒስተን ውስጥ የቀረ ዘይትም ያው ነው፣ ከፍተህ አሙቅ።

ለመሥራት ከመነሳትህ በፊት ሁለት ሳምንት ለካ። ቀጥ ያለ እንጨት በርሜሉ ውስጥ ጠዋትና ማታ አስገባ፤ ስንት ሊትር እንደሄደና ስንት ኪሎ እንደቀለጠ ደብተር ላይ ጻፍ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንዳለ ተወው፤ በሁለተኛው አየሩንና ክዳኑን አስተካክል። ቁጥሩን ስታየው ስቴንለሱን ትገዛው እንደሆነ ራስህ ትወስናለህ። ከገዛህ፣ ከመቁረጥህ በፊት የበርነሩን ፎቶ ላክልኝ፤ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነም ጻፍልኝ።